የጀልባዋ መርፌ

ኢስታር የተናገረችው በሶማሊኛ ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ቀርቅራ፣ በአንድ እጇ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ገፋ አድርጋ ይዛ፣ ቀላፎ ላለው ወንድሟ ለሲያድ፣ «አትጨነቅ፣ የምትሠራት ልጅቷ ናት። ሽማግሌው እንዳይነካት እነግራታለሁ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ባለፈው የሰው ባጃጅ አቃጥሏል አሉ» አለችው። ሽማግሌው፣ አቶ በዛብህ፣ ከበሩ አራት እርምጃ ርቀው ዱካ ላይ ተቀምጠው የባትሪ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ያሹ ነበር። ድሬዳዋ ተወልዶ ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ፣ ከዚያም ውስጥ ሠላሳ አንዱን በሽማንደፈር፣ በባቡሩ ድርጅት፣ የኤሌክትሪክ ክፍል የፈጀ ሰው ሶማሊኛ አይሰማም ማለት አይቻልም። ኢስታርም የዚሁ ከተማ ልጅ ናትና ይህን ታውቀዋለች፤ ረስታው ነው። ስምረት ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። ወረቀቱ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ፤ ከዚያ ማሸቱን ቀጠለ። እሷም ወደ ሥራዋ አጎነበሰች። ለአባቷ «ሰማህ?» ማለት ከመስማቱ የባሰ ይሆናል።

«ስሙዬ» አለች ኢስታር ስልኩን ዘግታ፣ አሁን በአማርኛ፣ «መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ወላሂ ከዚያ እንዳታሳልፊኝ። ወቢ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦታል፤ ሲያድ በቀን ሦስቴ ይደውላል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አንቺ ራስሽ… ገባሽ አይደል?»

«ገብቶኛል።»

ኢስታር ለወንድሟ የገዛችለት ጀልባ ግቢው መሀል አራት ያረጁ የመኪና ጎማዎች ላይ ተቀምጣለች። አምስት ሜትር የማትሞላ፣ ነጭ፣ ሆዷ ላይ የጨው እድፍ ያለባት ነገር ናት። ከጅቡቲ የመጣች ሰሞን ሳቢያን ሰፈር ሙሉ ሊያያት ወጥቶ ነበር፤ ባጃጅ ነጂዎቹ በሩ ላይ እየቆሙ «አቦ፣ ትኬቱ ስንት ነው?» ይሉ ነበር። አንዱ፣ የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ እንሳፈርባታለን ብሎ ሲቀልድ የነስምረት ጎረቤት ሃሊሞ ከአጥሩ ማዶ «ዝም በል!» አለችው። ያ ወንዝ ሌሊት መጥቶ የወሰደውን ሰው የምትቆጥር ሴት ናት። የጀልባዋ ችግር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ የነዳጁን መጠን የምታሳየው መርፌዋ ከሙሉ ላይ አትነቃነቅም። ሻጩ ለኢስታር «ሁሌም ሙሉ ናት፤ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሏት አብረው ስቀዋል። ሲያድ ግን በስልክ ሲሰማ አልሳቀም። አምና በሰው ጀልባ አሥራ አንድ ሰው ሲያሻግር፣ መርፌው ግማሽ እያለ፣ ሊመሽ ሲል ወንዙ መሀል ሞተሩ ቀጥ አለበት። ጎርፉ ወሰዳቸው። ከእሱ ጋር ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ያደሩት ዘጠኝ ናቸው። አዞ ይሁን ውኃ፣ ሁለቱን ማን እንደወሰዳቸው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሲያድ ለእህቱ «መርፌዋ ሳትሠራ እንዳትልኪያት» አላት፤ ኢስታርም ለስምረት፣ ቃል በቃል።

ስምረት ትናንት የሰልባቲዮውን ክዳን ከፍታ ጉዱን አይታለች። ሰልባቲዮው ነዳጁ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው፤ ከክዳኑ አንድ የብረት ክንድ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ጋሌጃንቴው አለ፣ የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ተንሳፋፊ። ቤንዚኑ ሲጨምር ጋሌጃንቴው ከፍ ይላል፣ ሲቀንስ ይወርዳል፣ ክንዱም ያለበትን በሽቦ ለመርፌው ይነግራል። የዚህችኛዋ ክንድ በጨው ዝጎ ከነጭራሹ ደርቋል። ልታላቅቀው ስትሞክር እጇ ላይ ተሰበረ። ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ታይዋን ገበያ ወርዳ አምስት ሱቅ አንኳኳች። አራቱ «የምን ጀልባ?» ብለው ሳቁባት። አምስተኛው ፊርዶስ ነበር፤ የሌለ ነገር የለውም፣ የት እንዳስቀመጠው ግን እሱም አያውቅም። አንድ ሰዓት ያህል ካርቶን ሲገለብጥ ቆይቶ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ክንድ ከነጋሌጃንቴው አወጣ።

«የአውሮፓ ነው። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ።»

«የኔኛው የአሜሪካ ነው መሰለኝ።»

«የቡሎን ቀዳዳው ስንት ነው?»

«አምስት።»

«ይሄም አምስት። ቀዳዳው ከገጠመ፣ ስሙዬ፣ አውሮፓና አሜሪካ ምንሽ ናቸው?»

በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ተስማሙ። እዚያው ቆማ በቴስተር ለካችው፤ ክንዱ ሲወርድ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል፣ መሀል ላይ አይቆራረጥም። ጤነኛ ነው አለች። የጀልባዋ መርፌ የትኛውን ቁጥር ባዶ፣ የትኛውን ሙሉ ብላ እንደምታነብ ግን አልጠየቀችም። የመኪና ሰው ናት፤ የጀልባ ሰልባቲዮ ስትከፍት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚፈተነው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ሰልባቲዮው ጋ ሆኖ ጋሌጃንቴውን በእጁ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው መሪው ጋ ተቀምጦ መርፌውን እያየ ይጮኻል። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ሰልባቲዮው ጋ የሚሆኑት አባቷ ነበሩ፤ ከመኪና ሥር መግባት፣ ሽታውን መቻል፣ የማይታየውን በጣት ማወቅ የእሳቸው ነበር። መሪው ጋ ተቀምጣ «ግማሽ! ሩብ!» የምትለው እሷ ናት። ዛሬ ግን፣ ሁለቱም ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ፣ አባቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እንደ እንግዳ። እጃቸውን ያጣመሩት እንዳይታይባቸው መሆኑ ገባት፤ ከኢስታርም ከራሷም ጋር የተጣላች ያህል ተናደደች።

«አባባ፣ አንተ ወንበሩ ላይ ውጣልኝ። ዛሬ መርፌውን አንተ ታያታለህ።»

«እኔ?»

«ፀሐይዋ ዓይኔን ትወጋኛለች።»

ድሬ ላይ ልጅ አባቱን አንተ ይላል፤ የደገኛ ዘመዶች ሲመጡ ብቻ ነው ምላስ ወደ አንቱታ የሚዞረው። አቶ በዛብህ ቀስ ብለው ወጥተው ነጩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መሪውን ያዙ፣ በአጥሩ ላይ አሻግረው መንገዱን አዩ። ያን ሰዓት እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ስምረት ከኋላ ተንበርክካ የጋራዡን ባትሪ አገናኘች፣ የማሳውን፣ የኔጌቲቩን፣ ሽቦ አጠበቀች፣ ጋሌጃንቴውን በጣቷ ይዛ እስከ ታች አወረደችው።

«ፊኒ!» አሉ አባቷ ጮክ ብለው።

ወደ ላይ አነሣችው።

«ኤሳንስ!»

ሳቋ መጣ። የሽማንደፈር ሰው ሲደሰት ፈረንሳይኛው ይነሣበታል። ፊኒ አለቀ፣ ኤሳንስ ነዳጅ አለ፤ ከዚህ የጠራ መልስ የለም። ሦስት ጊዜ አወረደችው፣ ሦስት ጊዜ ፊኒ አሉ፤ ሦስት ጊዜ አነሣችው፣ ሦስት ጊዜ ኤሳንስ። ወደ መሪው ሄዳ መርፌውን ማየት አላስፈለጋትም፤ ደግሞ ብትሄድ አላመነችኝም ይላሉ። ከክዳኑ ሥር ያለውን ጎማ አስተካከለች፣ አምስቱን ቡሎን በካቻቢቴ አጠበቀች፣ ባትሪውን ፈታች፣ እጇን በጋዝ ታጠበች። አባቷ ግን ለመውረድ አልቸኮሉም። ሃሊሞ ከአጥሯ «ወዴት ነው ጉዞው፣ ኮማንደር?» ስትላቸው «ወደ አሰብ!» ብለው መለሱ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ምሳ ሩዝ በአትክልት ነበር። እናቷ ወይዘሮ የኔነሽ ከበረንዳው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ አቅርበውላቸው፣ ራሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ተቀመጡ። ሙቀቱ ሰው የሚያናግር አልነበረም፤ አባቷ ግን ያወራሉ። ካለፈው ወር ወዲህ፣ ከተቃጠለው ባጃጅ ወዲህ፣ ገበታ ላይ አሥር ቃል ያወጡ አይመስላትም፤ የዛሬውን ስትሰማ ምግቡም ጣማት። ኢስታር ያለችውን ለእናቷ አላነሡም። ያወሩት ስለ መርፌዋ ነበር።

«ጨዋ መርፌ ናት፣ የኔነሽ። አትዘልም፣ አትወላውልም። ጋሌጃንቴው ሲወርድ ቀስ ብላ ኤፍ ላይ ትመጣለች፤ ፊኒ። ሲወጣ ደግሞ ተመልሳ ኢ ላይ፤ ኤሳንስ። ያቺ የሐዲድ መፈተሻዋ ትንሿ ሞተር ትዝ ትልሻለች? ፈረንሳዊው ሙሴ በቀይ ቀለም ኤፍና ኢ ብሎ የጻፈባት? ልክ እንደሷ። ፊደሉ እንኳ አንድ ነው።»

የስምረት እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። እናቷ ማራገባቸውን ሳያቋርጡ አዩዋት። ኤፍ በእንግሊዝኛው ሙሉ ነው፤ ኢ ባዶ ነው። ይህን ሳቢያን ውስጥ ባጃጅ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ ግን መኪና ነድተው አያውቁም። መሪው ጋም ተቀምጠው አያውቁም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስቀመጠቻቸው ሰልባቲዮው ጋ ነው። ከሠላሳና አርባ ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ በቀለም የጻፈላቸውን ይዘው፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል በፈረንሳይኛ አንብበው፣ የተገለበጠውን ሁሉ ልክ ነው ብለዋታል። ዕቃው የአውሮፓ ነው፣ መርፌዋ የአሜሪካ ናት፤ አንዱ ሲወርድ ሌላዋ ትወጣለች። አሁን ግቢው መሀል የተቀመጠችው ጀልባ፣ ቤንዚን ባለቀባት ቁጥር «ሙሉ ነኝ» የምትል ናት። መርፌዋ ድሮ ሁሌም ሙሉ ስለምትል ማንም አያምናትም ነበር። አሁን ግን ትታመናለች።

«ምነው፣ ጨው በዛበት?» አሉ እናቷ።

«የለም። ጠገብኩ።»

አባቷ የሷን ሩዝ ወደራሳቸው አቀረቡ፤ እንደዚያ በልተው አያውቁም። ከዚያ ሽርጣቸውን ታጥቀው ሊተኙ ገቡ። ድሬ ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ግማሽ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ውሻም ከባጃጅ ሥር ይገባል። ስምረት በእግሯ ጣት ወደ ግቢው ወጥታ ባትሪውን አገናኘችና ቁልፉን አዞረች። ሰልባቲዮው ውስጥ አንዲት ጠብታ የለም። መርፌዋ ቀስ ብላ፣ ሳትዘል፣ ሳትወላውል፣ ሄዳ ኤፍ ላይ ተኛች።

ለኢስታር ደውላ «ተገልብጦ ይነበብ፣ ለሲያድ ንገሪው» ማለት ይቻል ነበር። እንደዚያ የሚነዱ መኪኖች ታውቃለች፤ የበሩ መክፈቻ ወደ ላይ የሚሳብ፣ ቀኝ ፍሬቻው በግራ የሚበራ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቃቸው። ግን ባለቤቱ ሁልጊዜ አይነዳም። ሲያድ አንድ ቀን ይታመማል፣ ጀልባዋን ለሌላ ይሰጣል፣ ያ ሌላ ሰው መርፌዋን አይቶ እናቶችና ልጆች ይጭናል። አባቷንም ቀስቅሳ መንገር ትችል ነበር። እዚያ ላይ ግን ምላሷ እንደማይታዘዛት አወቀች። ጠዋት ከኢስታር አፍ የሰሙትን ከሰዓት በኋላ ከልጃቸው አፍ ይስሙት? ስምንት ሰዓት ገና አልሞላም። አባቷ እስከ ዘጠኝ ይተኛሉ፤ መኪናውም ዘጠኝ ነው። ሠርታ ትዘጋዋለች፣ ማንም ሳያውቅ።

አምስቱን ቡሎን ፈትታ ዕቃውን ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደችው። ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ነገር ነው፤ ጥምጥሙ ሁለት ጫፍ አለው፣ ፋብሪካው ግን አንዱን ብቻ ነው የተጠቀመበት። መስመሩን ከዚያ ጫፍ ነቅላ ወደ ሌላኛው ጫፍ በየደችው፤ መውረዱ መውጣት ሆነ። በቴስተር ስትለካው ግን ባዶው ጋ ጥቂት ይጎድለዋል፤ መርፌዋ ከባዶ ትንሽ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ የቀረ ያለ ይመስላል። ትንሽ የቀረ የሚመስል ባዶ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከሞተ ስታቢላይዘር ውስጥ የጎደለውን የሚሞላ አንዲት ሬዚስተር መርጣ ጨመረችበት። ላቧ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ዕቃውን ይዛ ወደ ጀልባዋ ተመልሳ፣ መስመሩን አገናኝታ፣ ክዳኑ ሳይገጠም በእጇ ይዛ ሳለች፣ በሩ ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። የጎረቤቱ ውሾች ሁሉ ተነሡ።

ሾፌሩ ሮብሌ ነበር፤ አይሱዙው ላይ ስምንት ተሸካሚ ተጭኗል፣ ጎኑ ኢስታር ተቀምጣለች። «ገና ስምንት ሰዓት ነው፣ ዋርያ!» አለች ስምረት። «የካራማራን ዳገት ሳይመሽ ልለፍ ብዬ ነው፣ እህቴ፣ አትቆጪ» አለ ሮብሌ እየወረደ። ኢስታር በቀጥታ ወደ ጀልባዋ መጣች። ክፍቱን ሰልባቲዮ አየች፣ የስምረትን እጅ አየች። በዚያው ቅጽበት አቶ በዛብህ ሽርጣቸውን እያጠበቁ፣ በካናቴራ፣ ከበረንዳው ወረዱ።

«ምን ሆነ? ለምን ተከፈተ?» አለች ኢስታር።

«ጎማው ነው» አለች ስምረት። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። «ከክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ልክ አልመሰለኝም። ደግሜ ልየው ብዬ ነው።»

«ጠዋት ጨርሻለሁ ብለሽ ደወልሽልኝ።»

«አሁንም ጨርሻለሁ። አምስት ደቂቃ።»

አባቷ ቀርበው ቆሙ። ጎማውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አዲስ ነው፣ አልታጠፈም፣ አልተቆረጠም። ከዚያ ከእጇ ላይ ዕቃውን ወሰዱና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ወደ ብርሃን አዞሩት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሊደብቁትም አልሞከሩም። አዲሱን ብየዳ አዩ፤ መስመሩ ከየት ተነቅሎ የት እንደሄደ አዩ፤ ሬዚስተሯን አዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሽቦ ሲያነቡ ለኖሩ ዓይኖች ይህ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ስምረት ተሸካሚዎቹን አየች፣ ጎማዎቹን አየች፣ የትም አየች እሳቸውን ላለማየት።  ሮብሌ ሰዓቱን አየ።

«ጎማው ደህና ነው» አሉ አቶ በዛብህ። በሶማሊኛ ነበር፣ ወደ ኢስታር ዞረው። «መርፌዋን ገልብጬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኤፍን አለቀ ብዬ፣ ኢን አለ ብዬ ነገርኳት። እሷ አምናኝ ዘጋችው። አሁን አስተካክላዋለች።»

ኢስታር ወደ በሩ ዞረች።  የጠዋቱን ስልክ፣ የበሩን ርቀት፣ ዱካውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ስታስታውስ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«አቦ…» አለች በመጨረሻ፣ «ጠዋት እኔ…»

«ጠዋት ያልሽው ልክ ነው» አሉ። «እጄ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔ ግን ለሽቦ ደህና ነው፤ ያላወቅኩት ፊደሉን ነው።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ሮብሌ በክርኑ ጎሸመው። አባቷ ዕቃውን መልሰው ለስምረት ሰጧትና ወደ ጋራዡ ገቡ። ተቀየሙ ብላ ልትከተላቸው ስትል ተመልሰው መጡ፤ በእጃቸው አንድ ክንድ የሚያህል የመዳብ ሽቦ ይዘዋል።

«እንቺ፣ ጋሌጃንቴውን በዚህ ሰቅለሽ እሰሪው። ከዚያ ውጪና መርፌዋን ራስሽ እይ።»

«አባባ፣ አንተ ወንበሩ ላይ…»

«እሰሪው አልኩሽ።»

ያዘችው። ሽቦ ካለ ሁለት ሰው አያስፈልግም፤ ይህን ሁለቱም ድሮውንም ያውቁት ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት አንዱም አላነሣውም። ክንዱን እስከ ላይ አንሥታ ሽቦውን ጠመጠመችበት። «ሁለቴ» አሉ አባቷ ከጀርባዋ፣ «መዳብ ይንሸራተታል»። ሁለቴ ጠመጠመችው። በጎማዎቹ ላይ ተንጠላጥላ ወደ ወንበሩ ወጣች፣ ቁልፉን አዞረች፣ በእጇ ፀሐይዋን ከለለችና መርፌዋን አየች። ኤፍ ላይ ናት።

«እህ?» አለች ኢስታር ከታች።

«ሙሉ።»

ወረደች፤ ሽቦውን ፈታች፤ ክንዱ ወደ ታች ወደቀ። ባዶውን ለማየት እንደገና ወጣች። አባቷ ሰልባቲዮው ጎን ቆመው፣ የተፈታውን ሽቦ እያቃኑ፣ ምን አለች ብለው አልጠየቁም። መርፌዋ ወርዳ ኢ ላይ እስክትቆም ጠበቀች፤ ቆማም ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለግቢው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣

«ፊኒ!» አለች።

አቶ በዛብህ ቀና ሳይሉ ሽቦውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱትና፣ «በሉ፣ ተሸከሙ» አሉ ለተሸካሚዎቹ፣ «ቀስ ብላችሁ፣ በኋላዋ በኩል»።